በቀልድ የጠራሁት ለቅሶ

ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ አልቅስ! ዛሬ በመሐል ሜዳ ታላቅ መርዶ ተነግሯል። ነጋሪውም እኔ ነኝ።

የሚሲዮኑ ፈረንጅ ሚስት ከገበያ አዲስ ነጠላ ገዝታ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለብሳ ወጣች። እንዲህ የሚለብስ ሐዘንተኛ መሆኑን ማን ይንገራት? እኔ ደግሞ ምላሴን ቢበላኝ ለጎረቤታችን ለእትዬ በለጡ፣ "ምስኪን፣ ከአገሯ የልጇ መርዶ መጣላት" አልኳቸው።

ስቄ ሳልጨርስ እትዬ በለጡ ሴቱን ሁሉ ሰብስበው፣ ንፍሮ አስይዘው፣ ደረታቸውን እየመቱ ግቢዋ ገቡ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም! የልጅሽን ነፍስ ይማርልሽ!"

ባልየው አማርኛ ይሰማል። ፊቱ አመድ መሰለ። "ማን ሞተ?" አላለም። "ማን ነገራችሁ?" አለ።

እሷ ከሴቶቹ መካከል መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ "ወንድ ነበር" አለች። "እዚህ ሳንመጣ ቀበርነው።"

"አልቅሺው እንጂ!" አሏት እትዬ በለጡ። "ያላለቀሱለት ሙት አያርፍም።"

አለቀሰች። እኔ ከአጥሩ ኋላ ሳቄን ትቼ አዳመጥኩ። ልጁን የጠራሁት እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው በአፌ የመጣው?

እትዬ በለጡ ሲወጡ፣ "አንተ ቀልማዳ፣ ማን ነገረህ?" አሉኝ።

"ማንም።"

አማተቡ። ሙት የሚጣራው አንዴ ነው ይባላልና፣ ከእንግዲህ ሦስቴ ካልጠሩኝ አቤት አልልም።

ቢሆንም ነገሩ ቀላል ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ንፍሮውም ተበልቶ አልቋል።