ጥሩወርቅን ያሳቀው ካሴት

ገንዳ ውሃ፤ ዓርብ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ባለቤቴ ጥሩወርቅ እኅቷን ከቀበረች ወዲህ ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር። ስጠይቃት አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች። ዛሬ ጎረቤታችን ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ቴፕና አንድ አሮጌ የቀልድ ካሴት ይዘው ከደጃችን የሣር ዳስ፣ ከራኩባችን ጥላ ገቡ።

«ዐቢይ ጾም ነው፤ ሳቅ አይገባም» አልኋቸው።

«እኔስ በረመዳኑ ጾመኛ አይደለሁ፣ መሪጌታ? ሳቅ እኮ በጉሮሮ አይወርድም።»

ይህን ብለው ቴፑን ከፈቱት። ቀልደኛው የልጅነቱን ነገር ያወራል፤ የቆሎ ተማሪ ሳለ ቁራሽ ሲለምን ውሻ አባሮት አጥር ላይ እንደ ወጣ፣ የለመነውንም እንጀራ ለውሻው እየቆረሰ በመወርወር ነፍሱን እንዳተረፈ። ሐጂ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም በዚያው መንገድ ያደግሁ ነኝና ሳቄን በጭንቅ ያዝሁት።

ድንገት ጥሩወርቅ ከተጋደመችበት ቀና አለች።

«በእኛ ደጅማ አንቱ የወጡት ግራር ላይ ነበር! እኔና እኅቴ ውሻውን እስክናስረው ድረስ፣ እሾኹ እየወጋዎ ከላይ ሆነው ዳዊት ሲደግሙ!»

ከዚያ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እየሳቀችም አለቀሰች፤ የእኅቷንም ስም ደጋግማ ጠራች። በዘጠኝ ሰዓት ራሷ ተነሥታ እጇን ታጠበች፤ ከእኔም ጋር በላች።

አምላኬ ሆይ፣ ተመስገን። ለሐጂም ዕድሜ ስጥልኝ። በጾም ስለ መሳቄ ለንስሐ አባቴ ልናገር አስቤአለሁ፤ ነገር ግን ከምስጋና በቀር የምናገርበት ቃል አላገኘሁም።