የሰባት ቁጥር ኮርኒስ

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ለአንቺ ግን ያንን ቃል ልጽፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ካረፍሽ ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀን ሆነሽ። እኔ ደህና ነኝ ብዬም አልጀምርም፤ ለአንቺ የዋሸሁት ይበቃኛል።

የምጽፍልሽ ከሱቅሽ ነው፤ ከስፌት መኪናሽ ፊት ተቀምጬ። ክሩ በመርፌው እንደገባ አለ። ግድግዳው ላይ አንድ እጅጌው ያልተገጠመ ነጭ ጋዋን ተሰቅሏል። ባለቤቱ ሊወስደው አልመጣም፤ ወይም መጥቶ በሩ ተዘግቶ አግኝቶታል። እኔ ልጨርሰው የማልችለው ሥራ ስለሆነ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

ልናዘዝልሽ ነው የተቀመጥኩት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጩኸቱ ግን ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ አንቺ በተኛሽበት አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበት ነበርና እስከ መጨረሻው ታገሺኝ።

ካቻቢቴ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። እናታችን ባረፈች ዓመት የቤቱን አንድ ለእናቱ ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ። «ይሄ ልጅ ካቻቢቴ ከያዘ እግዜርም አይመልሰው» ብለሽ እስኪያምሽ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም። በዚያው ሰሞን ምስማር እግሬን ወግቶኝ ሦስት ቀን ደብቄሽ፣ አብጦ ስታገኚው ግን አልሳቅሽም። ጆሮዬን ይዘሽ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! ሰምተሃል?» አልሽኝ። ሰምቼ ነበር።

በሆስፒታሉ ጥገና ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቧንቧ፣ በር፣ አምፖል፣ ኮርኒስ፤ ያልነካሁት ነገር የለም። የደም ካንሰር ይዞሽ ወደ እኛ ሕንፃ ስትገቢ ሊጠይቅሽ የመጣ ሁሉ «ወንድምሽ እዚሁ ነው፤ ዕድለኛ ነሽ» ይልሽ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

ሰባት ቁጥር ክፍልን ለብቻሽ ሰጡሽ። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ ነጭ የደም ሕዋስሽንም አብሮ ጠራርጎ ወሰደው። ሲስተር ሳሙና በር ላይ አስቆመችኝ። እጅ ሳታስታጥብ ሚኒስትርም ቢሆን የማታሳልፍ የዋርዱ ነርስ ናት፤ ስሙን ያወጣንላት እኛ የጥገናዎቹ ነን።

«ስማኝ» አለችኝ። «አሁን እህትህን የሚከላከልላት ነገር የለም። እኔና አንተ ሻጋታ በየቀኑ እንተነፍሳለን፤ ምንም አያደርገንም። እሷን ግን ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ይበቅልባታል። አበባ አይገባም፤ አፈር የነካው ነገር አይገባም፤ አቧራ አይነሳም።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሕጉን ከእሷ እኩል አውቀው ነበር። በዚያ ዋርድ ኮርኒስ የሚከፈተው በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ፣ ላስቲክ ከተጋረደና እሷ ከፈረመች በኋላ ብቻ ነው። ወረቀቱ አራት ቀን ይፈጃል።

ከአልጋሽ በላይ፣ የኮርኒሱ ሰሌዳ ላይ፣ ሻይ የተደፋበት የሚመስል እድፍ ነበር። አንቺ ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ ከእድፍ ጋር ስትጣዪ የኖርሽ ልብስ ሰፊ ነሽ። «ይሄ ነገር አያስተኛኝም» አልሽኝ። በሦስተኛው ቀን ሰፋ፤ በአራተኛው አንድ ጠብታ ትራስሽ ላይ ወደቀ።

«የሰው ቤት ስትጠግን ትውልና ለእህትህ ሲሆን እጅህ ያጥራል?»

«ወረቀት ያስፈልገዋል እትዬ።»

«ወረቀት! ግንባሬ ላይ እየተንጠባጠበ ወረቀት ልጠብቅ?»

በሳቅ ነበር ያልሽው። ፀጉርሽ ረግፏል፤ ከንፈርሽ ቆስሏል፤ ሾርባ እንኳ አልወርድልሽ ብሏል። በዚያ ሁሉ ውስጥ ከእኔ የፈለግሽው ይህን አንድ ነገር ነበር። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሲስተር ሳሙና በሌለችበት፣ መሰላል ይዤ መጣሁ። አልጋሽን በአንሶላ ሸፈንኩት፤ አንቺን መስኮቱ ጥግ ወንበር ላይ አስቀመጥኩሽ። «ማስክሽን አድርጊ» ስልሽ አደረግሽ። ከዚያ «ኢንጂነሩ እንዴት ነው፣ ብሎን ይተርፍሃል ዛሬም?» ብለሽ ልታሾፊብኝ ወደ አገጭሽ አወረድሽው።

ሰሌዳውን ስገፋው ከላዩ የተጠራቀመው አቧራ ፊቴ ላይ ወረደ። የቧንቧው መጠቅለያ ርሶ ጠቁሯል፤ በጣቴ ስነካው እንደ ጥላሸት በነነ። ሻጋታ መሆኑን አወቅኩ። እትዬ፣ አውቄ ነበር፤ አንድም ቀን ያልነገርኩሽ ይህን ነው። እዚያው ላይ ማቆም፣ አንቺን ከክፍሉ ማስወጣት፣ ሰው መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ሳይመጣ ቶሎ ጨርሼ ልዝጋው ብዬ ተጣደፍኩ። መጋጠሚያውን አጠበቅኩት፣ አዲስ ሰሌዳ ገጠምኩ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

«እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ!» አልሽ ቀና ብለሽ እያየሽ። ደስ አለሽ። እኔም ደስ አለኝ።

ኮርኒሱን በከፈትኩ በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዘሽ። አንቲባዮቲክ ሰጡሽ፤ አልበረደም። ቀየሩት፤ አልበረደም። ደረትሽን ወጋሽ፤ ደረቅ ሳል መጣ፤ ከዚያም መሐረብሽ ላይ ደም። ትኩሳቱ በጀመረሽ በሰባተኛው ቀን ዶክተሩ ወንበር ስቦ አጠገብሽ ተቀመጠ። ምሳውን እንኳ ቆሞ የሚበላ ሰው ነው። ሲቀመጥ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ በደንብ አስቡበት» አለ። «ፈንገስ ይሆናል ብዬ እየጠረጠርኩ ነው። መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችላል። የሲቲ ስካኑ ማሽን ደግሞ ተበላሽቷል። በቂ ምክንያት ካገኘሁ ዛሬውኑ እጀምራለሁ፤ ካላገኘሁ ስካኑን እጠብቃለሁ። አቧራ የተነሳበት ነገር ነበር? እድሳት፣ የተከፈተ ግድግዳ፣ ትንሽም ብትሆን?»

አፌን ከፈትኩ። ቀደምሽኝ።

«የምን አቧራ ዶክተር? እዚህ ዝንብ እንኳ እጇን ሳትታጠብ አትገባም።»

ሳቀ። ከብርድ ልብሱ ሥር እጄን ቆነጠጥሽኝ፤ ልጅ ሆኜ እንግዳ ፊት ጉድ እንዳላወጣ እንደምትቆነጥጪኝ። ከሥራ እንዳልባረር ነው፤ ገብቶኛል። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«የለም» አልኩ።

ከዚያ ተከትዬው ወጣሁ፤ ይህን አንቺ አታውቂም። ሊፍቱ ጋ ደረስኩበት። «ዶክተር» ስለው ስልኩ ጮኸ። በጣቱ አንዴ ጠብቀኝ አለኝና ማውራት ጀመረ። ሊፍቱ ተከፈተ፤ እያወራ ገባና ወረደ። ደረጃ ነበር፤ እኔም እግር ነበረኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተመለስኩ።

ማሽኑ እስኪጠገን አምስት ቀን አለፈ። ሳንባሽ ላይ ታየ፤ ምርመራውም ፈንገስ ነው አለ። ያን ከባድ መድኃኒት የዚያኑ ዕለት ሰቀሉልሽ፤ ብርድ ብርድ እያለሽ አልጋው እስኪነቃነቅ ተንቀጠቀጥሽ። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱሽ። ኋላ ዶክተሩን «አምስት ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «በእሷ ሁኔታ አምስት ቀን ብዙ ነው። ግን ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን እነዚያን አምስት ቀኖች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። በአንዱ ቀን ጥፍርሽን ቆርጬልሻለሁ።

በመጨረሻው ቀን ኦክስጅኑን ፈቀቅ አድርገሽ ጠራሽኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ካቻቢቴ… ክፍሉን ደህና አድርገን ተውንለት አይደል? ለሚመጣው ሰው።»

«አዎ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገርሽም።

አውቀሽ ነበር? ዶክተሩ ሲጠይቀን ወደ ኮርኒሱ ቀና ብለሽ አየሽ፣ ወይስ አሁን እኔ ነኝ የምጨምረው? አውቀሽ ከሆነ ራስሽን በእኔ እንጀራ ለወጥሽ። ሳታውቂ ከሆነ እኔ ነኝ የሸጥኩሽ። አንዳንዴ እናደድብሻለሁ፤ ማን ሥራዬን አድኚልኝ አለሽ? ሥራ ይገኛል፤ እህት ከየት ትመጣለች? እንዲህ እልና፣ ሞተሽም ልቆጣሽ በመቻሌ አፍራለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ገባሁ። ሰባት ቁጥርን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ይዞታል፤ ሚስቱን «ረዳቴ» እያለ የሚጠራ፣ ሐኪም በገባ ቁጥር «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ቀልደኛ። የእሱም ነጭ የደም ሕዋስ አልቋል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ፎርማኑ የሥራ ትዕዛዝ ሰጠኝ፦ ሰባት ቁጥር፣ ኮርኒስ ላይ እርጥበት።

«እንዳትከፍተው፣ ጣጣው ብዙ ነው» አለኝ። «ነጭ ቀለም ለቅለቅ አድርገውና ና።»

መሰላሉንና ቀለሙን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እኔው በገጠምኩት አዲስ ሰሌዳ ላይ ያ እድፍ እዚያው ቦታ ተመልሶ መጥቷል። ሾፌሩ ከሥሩ በጀርባው ተንጋሏል።

«እሰይ፣ እንኳን መጣህ ወንድሜ!» አለኝ። «ይሄ ነገር አያስተኛኝም።»

ያንቺን ቃል ነው ያለኝ። 

መሰላሉን ኮሪደር ላይ ትቼ ሲስተር ሳሙና ቢሮ ገባሁ። ቅዳሜውን፣ ጥቁሩን መጠቅለያ፣ የዶክተሩን ጥያቄ፣ ሊፍቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ስጨርስ «ከአንተ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብድግ ብላ ሾፌሩን ወዲያውኑ ከክፍሉ አስወጣችው። ላስቲክ ተጋርዶ ኮርኒሱ ሲወርድ ሻጋታው ቧንቧውን ይዞ እስከ አሥር ቁጥር ድረስ ሄዷል። አራት ክፍል ተዘጋ። እኔ ከሥራ ታገድኩ፤ የሆስፒታሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሐሙስ ይጠራኛል። ፎርማኑ ደውሎ «አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ሁሉም በዚህ አማረ ብዬ ብጨርስልሽ ደስ ባለኝ። ከትናንት ወዲያ ግን ሾፌሩን ትኩሳት ያዘው። ከዚያ ኮርኒስ ሥር ዘጠኝ ቀን ተኝቷል። ልጠይቀው ሄጄ ሚስቱን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግኩ ነገርኳት።

«ዶክተሩ ምንም አልጠየቀንም» አለችኝ። «አውቆታል። ትኩሳቱ በጀመረው በሰዓቱ የፈንገሱን መድኃኒት ሰቀለለት።» ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ላመስግንህ ወይስ ልርገምህ፣ እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አልኳት።

ይድናል ብዬ አልነግርሽም፤ አላውቅም። መድኃኒቱ ለእሱ በመጀመሪያው ቀን ደርሶለታል። ለአንቺ የደረሰሽ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

ክፍሉን ደህና አድርገን ተውንለት አይደል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አዎ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አልተውንለትም። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ይህንኑ እናገራለሁ። ያኔ ብትቆነጥጪኝም ዝም አልልም።

ወንድምሽ
ካቻቢቴ