በር የሌለው ቤታችን

ሰይዴ፣ አላህ ይዘንልህና፣ ካጣሁህ ሁለት ወር ሆነኝ። ነገ ወደ አገር እንዲመልሱኝ ለፖሊስ እጄን ልሰጥ ነው። ዛሬ ልሰናበትህ ቤታችን ሄጄ ነበር።

ቤታችን ያልሁት ያንኑ ከጅዳ ወደ መካ መንገድ ዳር ያለውን፣ በቱርክ ሱልጣን ዘመን ቤተ መንግሥት ነበር የሚሉትን ፍርስራሽ ነው። አንተ ጉለይል ሰፈር ከወንዶቹ ጋር ተደራርበህ ስታድር፣ እኔ ዓዚዚያ ሰፈር አሠሪዬ ማዳሜ ቤት ስኖር፣ ባልና ሚስት ሆነን የምንቀመጥበት ሌላ ምን ነበረን? ማዳሜ የፈቀደችልኝ ጁምዓ ቀድመኸኝ ትደርስና የአትክልቱን ቦታ ጠርገህ ትጠብቀኛለህ። በፈረሰው አጥር በኩል ብቅ ስል፣ «ማዳም፣ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ፣ ምንጣፉ አዲስ ነው» ትለኛለህ። ምንጣፍህ ጠጠር ነው። አውልቄ እገባለሁ፤ እግሬን ሲወጋኝ ትስቅብኛለህ።

ቤቱ እንደተውኸው አይደለም። የምንደገፈው ግድግዳ ወድቋል። ጁምዓ ጁምዓ ጥላው ሥር ይቀመጡ ከነበሩት የአገራችን ልጆች አንድም የለም፤ ወረቀት የሌለው በሰላም ይውጣ ተብሎ የተሰጠው ምሕረት ካለቀ ወዲህ ሁሉም ታፍሰው ሄደዋል። በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እየተሸከምህ ያጠጣኸው ሮማን ደርቋል። አንዲት ቅጠል ባገኝ ብዬ ቅርንጫፉን ሁሉ ዳበስሁት።

ትኩሳቱ ሲበረታብህ በስልክ ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ ለመንሁህ። ኢቃማ የለኝም፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ በር ላይ ይይዙኛል አልኸኝ። ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ይሻለኛል አልኸኝ። በማግስቱ የደወሉልኝ ጓደኞችህ ናቸው። ሲቀብሩህ እኔ ሴት ነኝና መቃብር ቦታው አላስገቡኝም። ስም የተጻፈበት ድንጋይ የለም። የት እንዳለህ አላውቅም፣ የኔ ዓለም፤ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። እናትህ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ልጄን የት አስቀመጥሽው?» ብለው ነው። ምን እላቸዋለሁ?

ለመንገድ የያዝሁትን ውሃ ሮማኑ ሥር አፈሰስሁት። እንደማይጠቅመው አጥቼው አይደለም።

መቃብሩን አላየሁትም ብዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ስለ ቤታችን እነግራቸዋለሁ፤ ልጅዎ ሱልጣን ግቢ ውስጥ ሚስቱን ጫማ ያስወልቅ ነበር እላቸዋለሁ። ሰው መቃብር ሄዶ ሟቹን እንደሚያስበው፣ እኔ አንተን የማስብህ እዚያ ነው፤ እስክሞት ድረስ።

ዛሬም ስገባ ጫማዬን አወለቅሁ። ጠጠሩ ወጋኝ። የሚስቅብኝ አጣሁ።

ሚስትህ ዘሀራ