በጋሽ ነጋሽ ሱቅ ደጅ የዋልሽው ገና

ለምወድሽና በዓይኔ ላይ ለምትዞሪው እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ወደ ምንጭ ስትወርጂ አሁንም ይይዝሻል? ወገብሽስ? ዓይንሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ላሚቱ ወለደች? የጓሮው እንሰት እንዴት ከረመ? ስለ መብልሽ የምጠይቅሽ ወደ ኋላ ነው፤ በእሱ በኩል የምጣላሽ ነገር አለኝ። እኔ ልጅሽ አረጋሽ በጌታ ጸጋ ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ደህና ነኝ ይላል፣ ታሞም ቢሆን ይላል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ የጻፍኩልሽ ጊዜ አለ። የዛሬው ግን እንደዚያ አይደለም። ደህና ነኝ ስልሽ እተነፍሳለሁ፣ እበላለሁ፣ ትናንት እንኳ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆርጬ ደሜ ፈሷል ማለቴ ነው። አልሞትኩም እማዬ።

ሚልክያስ፣ አንተ የምታነብላት ወንድሜ፣ ስማኝ። ረጋ ብለህ አንብብላት። አማርኛው የሚከብዳትን በእኛው በአሪኛ አስረዳት፤ ከራስህ ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ አንዲትም እንዳትዘል። ጎረቤታችን ጋሽ ዳርጌ አጠገቧ ተቀምጠው ቢሰሙ ደስ ይለኛል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸውና ውሸት ሲነበብ ቁጭ ብለው አይሰሙም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እዚህ ቤይሩት ገናን የሚያከብሩት ከእኛ ሁለት ሳምንት ቀድመው ነው። የምሠራበት ቤት ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሳሎኑ ጥግ ዛፍ አቁመው መብራት ጠምጥመውበት፣ ሠላሳ ሁለት እንግዳ ጠርተው ነበር። ያን ቀን ያጠብኩት ብርጭቆ ይቅር፣ አልነግርሽም። እንግዶቹ ሲሸኙ ማዳም አንድ የአንገት ልብስ ሰጠችኝና እንኳን አደረሰሽ አለችኝ። እኔም በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ፣ የእኛው ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፣ ያን ቀን አገሬ አስደውልሻለሁ ያልሽኝን እንዳትረሺ አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቁጣዋ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። አምናማ እንኳን ስልክ፣ በዓሌ መሆኑን የሚያውቅልኝ ሰውም አልነበረኝ።

ማዳም ይህን ቃል የገባችልኝ በኅዳር ነው፤ እኔም ወዲያው የጻፍኩላችሁ ለዚያ ነው። በገና ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጂንካ ጋሽ ነጋሽ ሱቅ ስልኩ ጋ ጠብቁኝ አልኩ። ቀኑን እንዳልስት ደብተር ይዣለሁ እማዬ። መስከረም ከጠባ ጀምሮ በየቀኑ አንዳንድ መስመር አሰምርበታለሁ። ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደነበረች እንኳ አልረሳሁም፣ ጎበዝ ብዬ ራሴን አመስግኜ ነበር። ታኅሣሥ 29 ላይ ስደርስ በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት። ወይ የእኔ ነገር! ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ የተሳሳትኩት እዚያው ላይ ነው።

በ29 ጠዋት ተነስቼ ያንን የመዘምራን ቀሚሴን ከሽርጡ ሥር ለበስኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን፣ መንደራችን ገዘር በገና ዕለት የምንዘምራቸውን መዝሙሮች አንድ በአንድ ዘመርኩ፤ የወንዶቹንም ድምፅ ራሴው ገባሁበት። አራት ሰዓት ሲሆን ደወልኩ። ጋሽ ነጋሽ ራሳቸው አነሱት። እንኳን አደረሰዎት ስላቸው፣ አንቺ ልጅ፣ ገና እኮ ትናንት ነበር አሉኝ።

እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ደጃቸው ላይ ተቀምጠሽ እንደዋልሽ ነገሩኝ። ባለቤታቸው የበዓል ምሳ ብታቀርብልሽ፣ ልጄ ስትደውል አፌ ውስጥ ምግብ እንዳይገኝ ብለሽ ሳትነኪው እንደቀረሽ ነገሩኝ። ሌላ ሰው ስልክ በተደወለለት ቁጥር ብድግ ስትዪ፣ ቁጭ ስትዪ ውለሽ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ገዘር ተመለስሽ። በበዓል ቀን! የጌታ ልደት ቀን፣ እናቴ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ጦሟን ዋለች፤ ያስዋልኳትም እኔ ነኝ።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትሠራ ኤልሳ የምትባል የደብረ ማርቆስ ልጅ አለች፤ በረንዳ ላይ ልብስ ስናሰጣ እናወራለን። እያለቀስኩ ብነግራት፣ አንቺ ጴንጤ፣ ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ አይደለም እንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው በሃያ ስምንት ነው፣ ይህን የማያውቅ አለ ብላ ሳቀችብኝ። ኋላ ሁኔታዬን አይታ አብራኝ አለቀሰች። ጳጉሜ ስድስት በሆነች በማግስቱ ዓመት ገና አንድ ቀን ቀድሞ ይውላል አሉ። እኛ ቤት ማን ዘመነ ዮሐንስ ብሎ ያውቃል! እሁድ ማስታወቂያ ሲነገር ገና በዚህ ቀን ነው ይሉናል፣ ለብሰን እንሄዳለን፣ አለቀ። እዚህ ደግሞ ማስታወቂያ የሚነግረኝ የለም። ያን ረቡዕ፣ አንቺ ስልኩን ስትጠብቂ፣ እኔ የሳሎኑን ምንጣፍ በረንዳ ላይ ሰቅዬ በዱላ ስደበድብ ነበር። አቧራው ዓይኔ ገብቶ ስራገም ነበር፣ በገና ቀን።

በ29 የደወልኩ ዕለት ለጋሽ ነጋሽ፣ አረጋሽ ደውላለች፣ ደህና ነች ብለው ይላኩልኝ፣ ጥር 9 እሁድ እንደገና እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሁድ ስደውል ግን የመጣው ሚልክያስ ብቻ ነው። አንቺ አልመጣም ብለሻል።

ሚልክያስ ሁሉንም ነገረኝ። በኅዳር ቀይ አፈር ከተማ የአቶ መኮንንን ልጅ ለቅሶ ደርሰሽ መጥተሻል አለኝ። ያቺ ልጅ እንደ እኔው ዐረብ አገር ነበረች። ከሞተች አራት ወር ሲያልፋት እናቷን ደህና ነች፣ ትናንት ደወለች እያሉ አቆዩአት፤ በመጨረሻ ስልክ መጥቶልሻልና ከተማ ነይ ብለው ጠርተው፣ ሰው ሰብስበው መርዶውን ነገሯት። እና አንቺ ደጅ ጠንተሽ ስልኩ ሳይጮህ በቀረ ማግስት፣ ጋሽ ነጋሽ ደውላለች፣ ደህና ነች ብለው ሲልኩብሽ ያው ነገር መሰለሽ። ጂንካ ውረጂ ሲሉሽ መርዶ ሊነግሩኝ ነው አልሽ። ሚልክያስ፣ ጋሽ ነጋሽ እኮ ድምፅዋን በጆሯቸው ሰምተዋል ቢልሽ፣ አንተንም አስማምተውሃል አልሽው። ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ለብሰሻል አለኝ። ትንሿ እህቴ ቤቴል እያለቀሰች ለምናሽ ካልሆነ በቀር ቆጮም ጎመንም አፍሽ አይገባም አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ይህቺ ግትር ሴትዮ በቁሜ ቀበረችኝ ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ቆይቼ ግን አልፈረድኩብሽም። እኛ አገር ሰው ሲሞት የሚነገረው ደህና ነው የሚል ነው። አባዬ በጌታ ያንቀላፋ ጊዜ እኔንስ ከትምህርት ቤት ስትጠሩኝ ትንሽ አሞት ነው አይደል ያላችሁኝ? እና አሁን እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብምል ብገዘት ማን ያምነኛል? ቃሉን ራሳችን አበላሽተነዋል።

ፎቶ ልላክ ብዬ አሰብኩ፤ የድሮ ነው ትያለሽ። ድምፄን በካሴት ልቅዳ አልኩ፤ ሳትሞት የቀዳችው ነው ትያለሽ። አውቅሻለሁ። ይህ ደብዳቤስ ቢሆን? ማንበብ አትችዪም፤ ልጁ ከራሱ እየፈጠረ ነው ብትዪ ምን አደርጋለሁ? ሁለት ቀን ሙሉ ሳህን እያጠብኩ አሰብኩ፤ አንዱን ሳህን ሰብሬ ተሰደብኩ። በመጨረሻ ሚልክያስ ፈጽሞ ሊፈጥረው የማይችል አንድ ነገር አገኘሁ። እንዳልናገረው አስምለሽኛል። ዛሬ መሐላዬን ላፈርስ ነው፣ ጌታም አንቺም ይቅር በሉኝ።

እማዬ፣ ያኔ ሚልክያስን የጣልሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ ገና መቆም አልጀመረም። ገበያ ስትሄጂ እሱን አሳዝለሽኝ ሄድሽ። እኔ ደግሞ የጎረቤት ሸንኮራ አማረኝና እሱን እንዳዘልኩ አጥር ልዘል ስል ነጠላው ተፈታ፤ ድንጋይ ላይ በግንባሩ ወደቀ። ጋሽ ዳርጌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሸንኮራው የእርስዎ ነበር። ስትመለሺ ደሙን አየሽ። የአባዬን ቁጣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእግሩን ኮቴ ስትሰሚ እኔን ውሃ ቅጂ ብለሽ በጓሮ በኩል አስወጣሽኝ፤ ለእሱ ከእጄ አመለጠኝ አልሽው። የአረንጓዴ ቀሚስሽን ጫፍ ቀደሽ ነበር ግንባሩን ያሰርሽለት፤ በማግስቱ ያንን በደም የራሰ ጨርቅ ሁለታችን እንሰቱ ሥር ቀበርነው። እዚያው ቆመን አስማልሽኝ። አባዬ ስንት ወር አኮረፈሽ። አያታችን እስክታልፍ ድረስ ልጅ መያዝ የማትችል እያለች ሰደበችሽ። አንተም ሚልክያስ፣ በተጣላችሁ ቁጥር ጠባሳህን በጣትህ እያሳየህ፣ አንቺ ድሮም ጥለሽኛል እያልክ ይህችን ሴት ስንት ጊዜ አስለቀስካት? አንድ ቀን እንኳ እኔ አይደለሁም አላለችም። እኔም ማዕዘን ላይ ተቀምጬ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ እማዬ፣ ቆይቶም አፈርኩ፣ ከዚያ አገር ለቀቅኩ።

ይህን ጋሽ ነጋሽ አያውቁም። ቤቴል ያኔ አልተወለደችም። አባዬም ሳያውቅ ነው የሄደው። ከአንቺና ከእኔ በቀር በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው የለም። እማዬ፣ አሁን ቀና በዪና የሚልክያስን ፊት እዪው። ይህ ከራሱ ፈጥሮ የሚያነብ ሰው ፊት ነው?

ደብዳቤውን የምትወስድልኝ ኤልሳ ናት፤ ውሏን ጨርሳ በዚህ ሳምንት አገር ትገባለች፣ ከአዲስ አበባ በፖስታ ትልክላችኋለች። የካቲት 14 እሁድ በአራት ሰዓት ጋሽ ነጋሽ ሱቅ እደውላለሁ። እሁድ ሃያ ስምንትም ሃያ ዘጠኝም የለበትም፣ አልስተውም። ጋሽ ነጋሽንና ባለቤታቸውን፣ ስላስቀመጡልኝ እናቴ አመሰግናለሁ በሉልኝ። ጋሽ ዳርጌን ከነቤተሰባቸው ሰላም በሉልኝ። የወንድሜን ሚስት ሽታዬን፣ በእኔ ምክንያት የደከመችውን፣ ጉንጯን ሳሙልኝ። ቤቴልዬን አቅፋችሁ ሳሙልኝ፣ አልቅሳ ማብላቷን ሰምቻለሁ በሏት።

ሚልክያስ፣ ለአንተ ሰላምታ ሳይሆን ይቅርታ ነው ያለኝ። ግንባርህን የሰነጠቅኩት እኔ፣ ስትሰደብበት የኖረችው እሷ። ብትቆጣኝ ስልኩ ላይ ቆጣኝ፣ እሰማሃለሁ። አሁን ግን ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጥና እጅህን ታጠብ። ዛሬ የምታጎርሳት አንተ ነህ።

ልጅሽ አረጋሽ ፈለቀ
ቤይሩት፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.