ሰማያዊው ከበሮ

ሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ከረፋዱ 5፡00

ዛሬም ሙዚቃ በዴስክ። ሃምሳ ስምንት ልጅ፣ ሃያ ዴስክ፣ ከበሮ የለም። መዳፍ ሲያርፍ ወፍራሙ ድምፅ፣ ጣት ሲያርፍ ቀጭኑ። ከበሮ ጠፍቶ አይደለም እኮ! ሦስት ከበሮ፣ አራት ክራር፣ ስድስት ዋሽንት ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ልጅ ከነካው ይበላሻል ይላሉ ር/መምህሩ። ደብተሬ፣ አንተስ እንዳትበላሽ ብዬ ባልጽፍብህ ምን ልትሆነኝ ነበር?

የጎረቤት ክፍሉ የሒሳብ መ/ር ሁለት ጊዜ ግድግዳ ደበደበ። ዝም በሉ ማለቱ ነው። እኔም መልሼ ደበደብሁ። ልጆቹ ሳቁ።

ያም ሆኖ 4ኛ «ለ» የራሱ ዘፈን አለው። ሐይቁን ስለወረረው አረም ቃሉን እነሱ አወጡ፣ በዜማው እኔ አገዝሁ። «እምቦጭ እምቦጭ አረንጓዴ፣ ወዴት ገባ የታንኳ መንገዴ።» ምቱ የሐያት ነው። አሥር ዓመቷ፤ በግራ እጇ ነው የምትመታው። እናቷ ወ/ሮ ዘይነባ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሰርግ ላይ ድቤ ሲመቱ የሚያህላቸው የለም አሉ። ለወላጆች ቀን እውነተኛ ከበሮ ትመቺያለሽ አልኋት። ቃሌን ሰጠሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ር/መ ቢሮ ለአራተኛ ጊዜ። የወላጆች ቀን ቅዳሜ 16 ነው፤ መሣሪያው ዛሬውኑ ይውጣልን አልሁ። ሐሙስ አሉ። የሁለት ቀን ልምምድ! ክራር ለመቃኘት ብቻ አንድ ቀን ይሄዳል። ለመንሁ። ልመና እንዴት እንደሚያቃጥለኝ። ያው ሐሙስ ነው አሉ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፤ ከጠዋቱ 3፡30



የንብረት ክፍሉ ጠባቂ ጋሽ አስማረ ለእኔና ለልጆቹ በሩን ከፈቱ። ሰማያዊ። ሁሉም ሰማያዊ! የክፍል በሮች የተቀቡበት የዘይት ቀለም ተርፎ ኖሯል። ከበሮውን ከነቆዳው፣ ክራሩን ከነክሩ፣ ዋሽንቱን ከነቀዳዳው ለቅልቀውታል። ሁለት ዙር። ከበሮውን መታሁት፤ ትራስ የመታሁ መሰለኝ። ዋሽንቱን ነፋሁ፤ ከንፈሬ ላይ ቀለም ቀረ።

«እንግዳ ፊት አሮጌ ዕቃ ይዘሽ እንዳታፍሪ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ጣታቸው አሁንም ሰማያዊ ነው። ጮህሁባቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ልጆቹ ፊት። ምን እንዳልሁ እዚህ አልጽፈውም።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ንዴቱ አልበረደም፤ መንገዱን ግን ቀየረ፣ ወደ ር/መ ዞረ። ጋሽ አስማረ ቁልፍ ጠብቅ ተባሉ፣ ጠበቁ። ዕቃው እንዳይጎድል እንጂ እንዲጮህ የነገራቸው የለም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በእረፍታቸው ነው የቀቡት። በዚህ ሁሉ ዓመት ልጆች ሲመቱት አንድ ቀን እንኳ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ቆዳው ላይ ብሩሽ ያሳርፉ ነበር? ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። ወጥተዋል።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ጋሽ አስማረን ጠዋት አገኘኋቸው፤ ተንበርክከው ከበሮውን በጋዝ ይፈትጋሉ። ቆዳው ተጨማደደ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። ይቅርታ አልኋቸው። መፈተጉን ቀጠሉ።

ከዚያ ር/መ። ችግር የለም፣ ፍላሽ አለ አሉ። አዲስ አበባ የተቀዳ የሕፃናት መዝሙር። ስፒከሩ ይከፈታል፣ ልጆቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ዕቃውን ይዘው ይቆማሉ፤ ለዓይን ያምራል። በዴስክ እንሥራው አልሁ። በጭብጨባ። የራሳቸው ዘፈን አላቸው። ዴስክ እየደበደብን ነው እንግዳ የምንቀበለው ብለው ሳቁ። ደግሞስ የእምቦጭ ዘፈን ለወላጆች ቀን? ቀጥለውም፣ በጣም ቀስ ብለው፣ የሥራ አፈጻጸሜ ገና እንዳልተሞላ አስታወሱኝ። ከቁንዝላ እዚህ ለመዛወር ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ያውቃሉ።

እሺ አልሁ።

ቀኑን ሙሉ አፍ አከፋፈት አስተማርሁ። ሰፋ አድርጉ፣ ፈገግ በሉ፣ ድምፅ እንዳታወጡ። ሙዚቃ አስተማሪዋ! ሐያት ታዲያ ከበሮውን ልምታው ወይስ አልምታው ብላ ጠየቀችኝ። ምቺው፣ ግድ የለም፣ አይሰማም አልኋት። ይህ ከአፌ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፤ ከሰዓት 8፡00

አለቀ። የትም/ጽ/ቤት እንግዶች የፊት ወንበር ላይ። ስፒከሩ ተከፈተ፣ ሃምሳ ስምንት አፍ ተከፈተ፣ የሌላ ከተማ ልጆች ዘመሩ። ሐያት ሰማያዊውን ከበሮ በአንገቷ አንጠልጥላ በግራ እጇ ትመታለች። በደንብ ነው የምትመታው። ምንም አይሰማም።

እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ስልክ ሁሉ ተደቅኖ። ወ/ሮ ዘይነባ ብቻ አላጨበጨቡም። ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ሲያልቅ ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «መምህርት፣ የልጄ እጅና ድምፁ አልገጠመልኝም። ምንድን ነው ነገሩ?» አሉኝ በትሕትና።

ስፒከሩ ነው አልሁ። ድምፁን ስለሚያዘገየው ነው።

ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ «አዎ እማ፣ ስፒከሩ ነው» አለች።

ለእኔ ብላ ዋሸች። እኔን ልታድን! የአሥር ዓመት ልጅ። በር/መ የተናደድሁትን፣ በቀለሙ የተናደድሁትን ሁሉ ሰብስቤ ራሴ ላይ ባፈስሰው አይበቃኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሐይቅ ዳር ሄድሁ። ተቀመጥሁ። ተነሣሁ። ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ፣ ግንቦት 18፤ ከቀኑ 6፡40

ር/መ በፈገግታ ጠሩኝ። እንግዶቹ ወደውታል፤ ልጆቹ ለሌላ፣ ለትልቅ ዝግጅት ታጭተዋል። ለትም/ጽ/ቤቱ የሚላከው ደብዳቤ ተጽፎ አልቋል። ተማሪዎቹ «በራሳቸው ድምፅ ዘምረው፣ በራሳቸው እጅ ተጫውተው» ይላል። ከታች የመምህሯ ማረጋገጫ፣ ስም፣ ፊርማ። እስከ 9 ሰዓት ይፈለጋል። እዚያስ ሄደው ምን ሊያደርጉ ነው ብል፣ ፍላሹ አለ አይደል አሉኝ። አፈጻጸሜንም ሞልተውታል፤ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አሳዩኝ።

ወረቀቱ እዚህ ከጎንህ ነው፣ ደብተሬ። አልፈርምም ብል ሌላ ሰው ይፈርማል። እፈርማለሁ። ግን ከፊርማው በላይ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ በእጄ ጽፌ ነው የምፈርመው፦ ልጆቹ አልዘመሩም። ድምፅ እንዳያወጡ ያዘዝኋቸው እኔ ነኝ። የራሳቸው ዘፈን አላቸው፤ መስማት የሚፈልግ 4ኛ «ለ» ይምጣ።

ቁንዝላ ይመልሱኝ። ይመልሱኛ!

ከዚያ በቀጥታ ወ/ሮ ዘይነባ ሱቅ። ሐያት ከት/ቤት ስትወጣ እዚያው ነው የምትውለው። እስክትመጣ እጠብቃለሁ፤ እሷ እየሰማች ነው ዋሽቻለሁ የምለው።