ከአንድ በፊት የተቀመጠች እማወራ የውኃ ተራ ስለመጠየቋ

ለተከበሩ የመስኖ ተራ ሥርዓት ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ይሞቃል፣ የቧንቧውም ውኃ አይቋረጥም ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ፈጣሪ ይህንኑ ያዝልቅልዎ። እኔ ከጉና ግርጌ ድንች የምተክል፣ ፊደል የቆጠርኩትም የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት የሆነ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ በጽሑፌ ጉድለት ቢያገኙ እንደ ቢሮዎ ልማድ አይተው እንዳላዩ ይለፉት።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከመነሻው ልናገር። ከአንድ ቦይ የምናጠጣ አምስት አባወራዎችና አንዲት እማወራ ነን፤ እማወራዋ እኔ ነኝ። ማሳዬ ከቦዩ አፍ ላይ ስለሆነ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ። የጠረገ ቀድሞ ያጠጣል፣ ሌላው በየቀኑ እስከ ቅዳሜ ይከተላል፤ ከአያቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ይህ ነው። ቢሮዎ ተራውን በኮምፒውተር አስገብቶ፣ በየማለዳው ለባለተራው የስልክ መልእክት እንዲደርሰው አደረገ። ሁለት ዓመት መልካም ሠራ፤ ምስጋናዬን ያኔ ባለመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከጥር ወዲህ ግን ሰኞ የሚጠራው ከእኔ ቀጥሎ ያለው አቶ አለሙ ሆነ። ምክንያቱን የቢሮዎ ባለሙያ ፈይሰል ማሳዬ ድረስ መጥቶ፣ «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ብሎ አስረድቶኛል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ረድፍ አሰልፎ ባንዴ የሚያዝ ነው፤ ሁለት ዘዬም አለው። በአንደኛው ዘዬ ረድፉ ከአንድ ይቆጠራል፣ በሌላው ከዜሮ። ቢሮዎ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲዛወር፣ የድሮው ጽሑፍ በድሮው ልማድ እንዲነበብ የምታደርገው ማስተካከያ ሳትበራ ቀረች። ስለዚህ ሰኞ አንደኛውን ጥራ ሲባል ሁለተኛውን ይጠራል፤ እኔ ዜሮ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቅዳሜ ስድስተኛው ሲፈለግ ማንም የለም፤ ውኃው ቀኑን ሙሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

አቤቱታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ። የመጀመሪያው እንዳይዘለልብኝ በእርስዎ ዘዬ ጀምሬያለሁ።

0. የጠራጊዎች ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ስላልገባ እዚያ አሁንም አንደኛ ነኝ። ሰኞ ማለዳ ደለሉን አውጥቼ ቀና ስል፣ አቶ አለሙ ዶማውን ትከሻው ላይ ጥሎ «አንቺ እቴነሽ፣ ዜሮ ሆነሻል አሉ፤ በይ ፈቀቅ በይ፣ ውኃዬ ይለፍ» ይለኛል። ይህን ጨዋታ ስለፈጠሩለት አመሰግናለሁ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

1. ማስተካከያዋ ለምን እንደማትበራ ስጠይቅ፣ በዚያው ማሽን የሚሠራው የወንዛዬ ፍል ውኃ መታጠቢያ ተራ ከዜሮ የሚቆጥር ስለሆነ ይታወካል ተባልኩ። ወንዛዬ የመጣ እንግዳ ገላው ሳይፍታታ እንዳይመለስ መጨነቅዎ ምን ያህል እንግዳ አክባሪ እንደሆኑ ያሳያል። ፈይሰል ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ልማድ ይዞ ሊሠራ እንደሚችል፣ ሥራውም አንድ መስመር ጽሑፍና የእርስዎ ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ነግሮኛል።

2. ለፈቃዱ ከተማ ድረስ በእግሬ መጥቼ ደጅዎ ስቆም፣ ሥርዓቱ አንድም ስሕተት አላሳየም፣ የተጠሩት ሁሉ አጠጥተዋል ብለው አሰናበቱኝ። እውነትዎን ነው፤ የተጠሩት ሁሉ አጠጥተዋል።

3. እኔ ከሸዋ ሰውም ከወሎ ሰውም ጋር ተነጋግሬ አውቃለሁ። ቃሉ ሲለይብኝ እጠይቃለሁ እንጂ ሰውዬውን ከቁጥር አላወጣም። ይህ ኋላቀርነቴ መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ።

ድንቼ አበባ ላይ ነው። ከሥር የሚያፈራው በዚህ ሰሞን ስለሆነ፣ አሁን ካልጠጣ የማወጣው ለዘር እንኳ የማይሆን ጠጠር ነው። ለመጪው ክረምት የምተክለው ሌላ ዘር የለኝም። ይህን የጻፍኩት ጊዜዎን ለማባከን አስቤ እንዳልሆነ ይወቁልኝ።

ከዜሮም ዝቅ ያለ ስፍራ እስኪዘጋጅልኝ ድረስ ባለሁበት ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣

ወይዘሮ እቴነሽ ወርቅነህ
ከጉና ግርጌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ፣ ወደ ወንዝ የሚወርደውን ውኃ በገዛ ዶማዬ ወደ ማሳዬ እመልሰዋለሁ። ቦዩን የሚቆጣጠረው የውኃ አባታችን አቶ ሞላ፣ ለባለተራው መልእክት ሳይደርስ ማስከፈት ስለማይችል፣ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ጉና አዙሮ እንደሚቆም ነግሮኛል። ያለ መልእክት ቦይ የከፈተ ሰው ተራውን እንዲነጠቅ መመሪያዎ ያዛል። ስሜን ከላይ ጽፌያለሁ፤ ተራዬን ፈልገው ያግኙና ይንጠቁኝ።