ስለ «ዴሊበሬት» ፍቺ እና ስለ ተሰበረው ቧንቧችን

ይድረስ ለክቡር አቶ አገኘሁ፣ የሾላ ሜዳ ቀበሌ ሊቀ መንበር፤
እስቴ።

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የላይኛው መንደር ነዋሪዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውኃ እየጠጣን ስለሆነ ደኅና ነን። ይህን በአደባባይ የምንጽፈው ምስጋናችን ጓዳ ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር ብለን ነው።

፩ኛ፦ ለእንግዶች መኪና ማቆሚያ ሜዳውን ሲያስጠርጉ፣ ከሥሩ ቧንቧ አለ እያልን ስንጮህ፣ ለስካቫተሩ ነጂ በእጅዎ «ቀጥል» ስላሉት እናመሰግናለን። ቧንቧው በእርግጥም ከሥሩ ነበር። አራሷ ጎረቤቴ የትናየት ለልጇ ክርስትና ጠላ የምትጠምቅበት ውኃ ብታጣ፣ እኛ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለን ገደሉን ወርደን ከወንዝ ስንቀዳ ሰነበትን። ወገባችንን ስላጠነከሩልን ባለውለታችን ነዎት።

፪ኛ፦ በስብሰባው ላይ ቧንቧው የተሰበረው በስሕተት ነው ወይስ ታውቆ ተብለው ሲጠየቁ፣ በተራ አማርኛ ሳያደክሙን «ሥራችን ዴሊበሬት ነው» ብለው በእንግሊዝኛ ስለመለሱልን ኮርተናል። ተሰብሳቢው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ነገር ግን ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ያልገባቸውን ቃል ማሳለፍ አይወዱምና ፍቺውን ጠየቁ። እርስዎ ላብዎን ሲጠርጉ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ህይወት ተነሥታ ቃሉ ሁለት ፍቺ እንዳለው፣ ለአካሄድ ሲሆን ረጋ ያለና የታሰበበት፣ ለጥፋት ሲሆን ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ማለት እንደሆነ በትሕትና አስረዳች፤ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነም ጠየቀችዎ።

እርስዎም ሳይሰስቱ «ሁለቱንም ነው» አሉ።

መሪጌታ የተሰብሳቢው ሣቅ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «እንግዲያስ ጌታዬ፣ አውቀው የሰበሩትን አውቀው ይጠግኑት» አሉ።

፫ኛ፦ ይህኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም። በማግስቱ ሱሪዎን ሰብስበው ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ጭቃ ውስጥ ሲገቡ አይተን ዐይናችንን ተጠራጠርን። ውኃው ገንፍሎ ፊትዎን ሲያጥብዎ እርስዎም ሣቁ፣ እኛም ሣቅን። የትናየትም ለክርስትናው ጠራችዎት፤ ከመሪጌታ ጎን ተቀምጠው ጠላውን ሲያመሰግኑ አምሮብዎት ነበር።

እንስራችን በሞላ ቁጥር የምናነሣዎት፣ ለጤናዎ ፈጥነን የምንጸልይ፣ ድምፃችንን ስለመስጠት ግን ረጋ ብለን የምናስብበት፣

ሰብለ አስቻለው፣
ከላይኛው መንደር ሴቶች ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሞኑን ህይወት ዘንድ ሄደው፣ በስሕተት የተደረገ ማለት የሆነውን «አክሲደንታል» የሚለውን ቃል አነባበብ እንደተለማመዱ ሰምተናል። ቀጥሎ የሚያስቆፍሩት የት እንደሆነ ብቻ ይንገሩን፤ ጀሪካኖቻችንን ቀደም ብለን እንሞላለን።